በጓሳና በአካባቢው የሞባይል ኔትወርክን ማነጻጸር፦ ሽፋን፣ የሲግናል ጥራትና የዳታ ጥቅል

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር ሰው አዲስ ሲም ካርድ ከማውጣቱ በፊት በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ኔትወርክ ይሻላል?» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የጥያቄው መልስ በአብዛኛው በዋጋና በፍጥነት ላይ ያርፋል። በጓሳ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ግን መልሱ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ይለወጣል። ከሸንተረሩ በላይ የሚሠራ ስልክ ከሸንተረሩ ሥር ዝም ይላል፤ በግቢ ውስጥ የሚጠራ ስልክ ቤት ውስጥ አይደወልለትም። ስለዚህ ለአካባቢው በሙሉ የሚያገለግል አንድ መልስ መስጠት አሳሳች ይሆናል። የሚሻለው ተገልጋዩ በራሱ ቀዬ፣ በራሱ ስልክና በራሱ የአጠቃቀም ልማድ ማነጻጸር እንዲችል የነገሩን አሠራር መረዳቱ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከጨዋታና ከወሬ ያለፈ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከቤቷ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው አምቡላንስ የሚጠራ ስልክ ሲኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት የተጀመረው ቴሌብርና በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው ኤምፔሳ የሚሠሩት በስልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም ቢሆን የባለቤቱን ማንነት ለማረጋገጥ ወደ ተመዘገበው ስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር ይጠቀማል። ኔትወርክ በሌለበት መንደር የሚኖር ዜጋ ሲም ካርድ ቢኖረውም ከእነዚህ አገልግሎቶች በከፊል ተነጥሎ ይቆያል።

ሁለት አቅራቢዎች፣ አንድ ተቆጣጣሪ

ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም በሚል ስያሜ የሚታወቀው ድርጅት ከዚያ በፊት ከነበረው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሥራውን የተረከበ ሲሆን፣ ለዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው አቅራቢ ሆኖ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቋቋም ዘርፉ ለውድድር የሚከፈትበት የሕግ መሠረት ተጣለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ በድሬዳዋ፣ በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀመረ። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ቁጥሮች በ09፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ቁጥሮች ደግሞ በ07 ይጀምራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወልም ይቻላል።

በዕድሜ የሚበልጠው ኔትወርክ በገጠር ቀድሞ ብዙ ማማዎችን ተክሏል፤ አዲሱ አቅራቢ ደግሞ ሥራውን የጀመረው ከከተሞች ነው። ይህ አጠቃላይ እውነታ ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ለአንድ ጎጥ የመጨረሻ ውሳኔ አይሆንም። አንድ አዲስ ማማ በትክክለኛው ተራራ ላይ ሲተከል የአንድን ወረዳ ግማሽ ሁኔታ በአንድ ቀን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት «እዚህ አይሠራም» የተባለ ኔትወርክ ዛሬ ዳግመኛ ቢሞከር አይጎዳም።

የሽፋን ቁጥር ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

በማስታወቂያና በሪፖርት የሚነገረው የሽፋን መቶኛ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አንደኛው የሕዝብ ሽፋን ሲሆን፣ ከሀገሪቱ ነዋሪዎች ምን ያህሉ ሲግናል በሚደርስበት ቦታ እንደሚኖሩ ያመለክታል። ሁለተኛው የቆዳ ስፋት ሽፋን ነው፤ ይኸኛው ከሀገሪቱ መሬት ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ይለካል። ሕዝብ በከተማና በመንገድ ዳር ተሰብስቦ ስለሚኖር የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል።

የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ለዚህ ልዩነት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውርጭ ምድር፣ ነዋሪው ለአራት መቶ ዓመት ያህል ሲጠብቀው የኖረ የጋራ ሀብት ነው። በውስጡ ጓሳ ሣር፣ ጅብራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አሉ እንጂ መንደር የለም። በሕዝብ ሽፋን ስሌት ይህ ሁሉ መሬት ዋጋው ዜሮ ነው፤ ሰው አይኖርበትምና። ነገር ግን ሣር አጫጁ፣ እረኛው፣ የማኅበረሰቡ ጠባቂና ጎብኚው በየዕለቱ ይመላለሱበታል። ሰደድ እሳት ቢነሣ ወይም ሰው ከገደል ቢወድቅ ቀድሞ የሚያየው ሰው የሚደውለው ከዚያው ነው። ስለዚህ ሥራው ከሰፈር ውጭ የሆነ ሰው የሕዝብ ሽፋን ቁጥርን እንደ ዋስትና ሊወስደው አይገባም።

በካርታ ላይ በቀለም የተቀባ ሽፋንም ቢሆን በአብዛኛው በኮምፒዩተር ስሌት የተገመተ ሲሆን የሚያሳየው ከቤት ውጭ ያለውን ሁኔታ ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳ ደግሞ ወፍራም ድንጋይ ነው። የደረቀ የጓሳ ሣር ክዳን ሞገድን እምብዛም አያግድም፤ የድንጋዩ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ግን በብርቱ ያዳክሙታል። ደጅ ላይ ደህና የነበረ ሲግናል ጓዳ ውስጥ የሚጠፋው ኔትወርኩ ስለተበላሸ ሳይሆን ቤቱ ለብርድ ተብሎ በሚገባ ስለተሠራ ነው። ስልኩን በበር ወይም በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን ልዩነት ያመጣል።

ተራራው የሚሰጠውና የሚነፍገው

የሞባይል ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ከማማው እስከ ስልኩ ያለው መስመር በቋጥኝ ወይም በሸንተረር ከተቆረጠ ሲግናሉ ይዳከማል ወይም ይጠፋል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ለምሳሌ 900 ሜጋኸርዝ፣ በጉብታ ላይ ጎንበስ ብሎ የማለፍና ርቆ የመሄድ ችሎታው ከ1800 ወይም ከ2100 ሜጋኸርዝ ይበልጣል። በብዙ ገጠር አካባቢ 2ጂ የጥሪ አገልግሎት እያለ ፈጣን ኢንተርኔት የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመርሐቤቴ በኩል ነዋሪውን የሚፈትነው ሸለቆ ነው። ማማዎቹ በአምባው ላይ ሲቆሙ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ገደል ሥሩን ከማማው ዓይን ይሰውረዋል፤ ቁልቁለቱን የጀመረ መንገደኛ ስልኩ ደረጃ በደረጃ እየደከመ ሄዶ ከታች ይጠፋበታል። እዚያ የሚረዳው ከማዶ ገደል አፋፍ ላይ የተተከለ ማማ ነው። ስለሆነም በሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው በቅርበት ያለውን ማማ ብቻ ሳይሆን በፊት ለፊቱ ያለውን ማማ የትኛው አቅራቢ እንደሚጠቀምበት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በኪሎ ሜትር የራቀው በእይታ ሊቀርብ ይችላል።

በጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ያለው ችግር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አነጋጋሪም ነው። ጓሳ የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ውኃ የሚለያይበት አፋፍ ሲሆን፣ ከጫፉ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የኤፍራታና ግድምን ቆላና ከዚያ ማዶ ያለውን ሜዳ ከእግሩ ሥር ያገኛል። ከሜዳ በላይ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አድማሱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስልኩም እንዲሁ ያያል፤ በቆላ ከተሞች ያሉ በርካታ ማማዎች በአንድ ጊዜ ይታዩታል። ነዋሪዎችና ጎብኚዎች «አፋፉ ላይ መስመሩ ሙሉ ነው፤ ስደውል ግን ይቋረጣል» ሲሉ የሚሰማው ቅሬታ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ፣ የማማዎቹ አንቴናዎች ወደ ታች፣ ወደ ከተማው አዘንብለው የተገጠሙ በመሆናቸው ወደ ተራራው የሚደርሰው ፍንጣሪ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ብዙ ማማዎች እኩል ጉልበት ሲኖራቸው እርስ በርስ ይረባበሻሉ፤ ስልኩም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጥሪው ይወድቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የ2ጂ ቴክኖሎጂ በተለመደው አሠራሩ ከማማው ከ35 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የራቀን ስልክ ማስተናገድ አይችልም፤ ስልኩ ማማውን ይሰማል፣ የስልኩ ምላሽ ግን ከተመደበለት ቅጽበት ዘግይቶ ስለሚደርስ ተቀባይነት አያገኝም። መፍትሔው ለማመን ያስቸግራል፤ ከአፋፉ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ተመልሶ ሸንተረሩ የቆላውን ማማዎች እንዲጋርድ ማድረግ ጥሪውን ሊያረጋጋው ይችላል።

ጉምን በተመለከተም ማስተካከያ ያስፈልጋል። «ጉም ሲወርድ ኔትወርክ ይጠፋል» የሚለው አባባል በደጋው የተለመደ ነው፤ ሆኖም ስልኮች በሚጠቀሙባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ጉም የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዝናብም ቢሆን በስልኩና በማማው መካከል ባለው መስመር ላይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ነገር ግን በክረምት አገልግሎቱ እንደሚዳከም ነዋሪው የሚያየው ነገር ከንቱ አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ማማዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸው የማይክሮዌቭ መስመሮች በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠሩ በከባድ ዝናብ ይዳከማሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማማዎች ለቀናት ፀሐይ ካላገኙ ባትሪያቸው ይወርዳል፤ ቅዝቃዜም የባትሪን ዐቅም ይቀንሳል። በተራራማ አካባቢ ማማዎች እንደ ሰንሰለት ስለሚያያዙ፣ አንዱ መካከለኛ ማማ ኃይል ሲያጣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሲግናሉ በስልኩ ላይ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ብቻ ከጠፋ ችግሩ በሰንሰለቱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሲግናሉ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ማማው ኃይል አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት አቤቱታ ሲቀርብ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ሲግናልን በቁጥር መለካት

በስልክ ጫፍ ላይ የሚታዩት ዘንጎች ለማነጻጸር አይበቁም። ሦስት ዘንግ በአንዱ ስልክ ሁለት ዘንግ በሌላው ሊሆን ይችላል፤ አምራቾች የተስማሙበት መለኪያ የለምና። ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው ቁጥር ነው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ «አባውት ፎን»፣ ቀጥሎም «ሲም ስታተስ» የሚለውን በመክፈት ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። በ4ጂ ላይ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ፣ ከ-90 እስከ -105 የሚያሠራ፣ ከ-105 እስከ -115 ደካማ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ሊቋረጥ የደረሰ ነው ማለት ይቻላል። በ2ጂ ላይ ጥሪ እስከ -100 አካባቢ ድረስ ሊሠራ ይችላል። በየ10 ዲቢው ልዩነት ጉልበቱ በአሥር እጥፍ እንደሚቀያየር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በ-95 እና በ-105 መካከል ያለው ርቀት በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም አንዱ የሌላው አሥር እጥፍ ነው።

ይህ ቁጥር ጉልበትን እንጂ ጥራትን አይናገርም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ማማ፣ በተለይ በገበያ ቀንና በበዓል፣ ብርቱ ሲግናል እያሳየ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ለጎን ተግባራዊ ሙከራ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚመቸው ሁለት ሲም በሚይዝ አንድ ስልክ ሁለቱንም ኔትወርክ መሞከር ነው፤ ስልኩ አንድ ስለሆነ የቀፎው ልዩነት ውጤቱን አያዛባም። ሁለተኛውን ሲም ከዘመድ ወይም ከእንግዳ ለአንድ ቀን መዋስ ይቻላል። ሙከራው በቤት ውስጥ፣ በእርሻ ወይም በግጦሽ ቦታና ዘወትር በሚኬድበት መንገድ ላይ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ቢደረግ ይመረጣል። ከአሥር ጥሪ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ሳይቋረጥ ሁለት ደቂቃ ቆየ፣ አጭር መልእክት በስንት ጊዜ ደረሰ የሚሉትን በወረቀት መመዝገብ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ግን አንድ ሙከራ በ4ጂ ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊበላ እንደሚችል ይወቅ፤ በትንሽ ጥቅል ላይ መለካት ጤፉን ለሚዛን ሲሉ እንደመጨረስ ነው።

ቀፎውም የራሱ ድርሻ አለው። ባለ ቁልፍ ስልኮች በአብዛኛው 2ጂ ብቻ ይቀበላሉ፤ ለእነርሱ የ4ጂ ሽፋን ማስታወቂያ ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል ለጥሪ የሚፈለግ ከሆነ ባለ ቁልፉ ስልክ ባትሪው ለቀናት የሚቆይ በመሆኑ ለእረኛና ለመንገደኛ ከውድ ስማርት ስልክ የተሻለ አገልጋይ ነው። ስማርት ስልክ ሲግናል በራቀበት ቦታ ማማ እየፈለገ ባትሪውን ይጨርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ በሚወርድበት ሌሊት ደግሞ ብርዱ ይብስበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ የስልኩን የኔትወርክ ምርጫ ወደ 2ጂ ወይም 3ጂ ብቻ ማድረግ፣ ሌሊት ደግሞ በልብስ ጠቅልሎ ማሳደር ባትሪውን ያተርፋል።

የዳታ ጥቅል፦ የወረቀት ዋጋና የእውነት ዋጋ

የሁለቱም አቅራቢዎች ጥቅሎች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ የዕለቱን ዋጋ ከራሳቸው ማየት ይገባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ጥቅሎች በ*999#፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ*777# ይታያሉ። እነዚህ ኮዶች ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። እዚህ ማብራራት የሚያስፈልገው የማነጻጸሪያው ስሌት ነው።

የተለመደው ስሌት ዋጋውን ለሜጋባይት ማካፈል ነው። ይህ ስሌት ግን ተጠቃሚው ጥቅሉን በሙሉ ይጠቀማል ብሎ ያስባል። ለአብነት ያህል ብቻ፣ የ30 ቀን 1 ጊጋባይት በ90 ብር፣ የአንድ ቀን 100 ሜጋባይት ደግሞ በ10 ብር ይሸጣል እንበል። ጊጋባይቱ 1024 ሜጋባይት ስለሆነ በወረቀት ላይ ወርሃዊው ሜጋባይቱን ወደ 9 ሳንቲም፣ ዕለታዊው ደግሞ 10 ሳንቲም ያደርሰዋል። ወርሃዊው የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን በሰፈሩ ዳታ የማይሠራለትና ኢንተርኔት የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ሲወጣ ብቻ የሆነ ገበሬ በየገበያው 100 ሜጋባይት ቢጠቀም፣ በወር የሚጠቀመው 400 ሜጋባይት ነው። ወርሃዊውን ከገዛ 90 ብር አውጥቶ የቀረው ጊዜው ያልፍበታል፤ ሜጋባይቱ 22 ሳንቲም ተኩል ወጣበት ማለት ነው። ዕለታዊውን አራት ጊዜ ቢገዛ ግን ወጪው 40 ብር ብቻ ነው። ሽፋንና ዋጋ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይገባ ይህ ስሌት ያሳያል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን የሚቃጠል ጥቅል የትም ቢሸጥ ውድ ነው። በአንጻሩ ቤቱ ድረስ ጥሩ ሲግናል ያለው መምህር ወይም ነጋዴ ዕለታዊ ጥቅል እየደጋገመ መግዛቱ ኪሳራ ይሆንበታል።

ከግዢ በፊት መታየት ያለባቸው ጥቃቅን ጽሑፎች አሉ። ጥቅሉ ሳያልቅ ቢታደስ ቀሪው ይሸጋገራል ወይ? የሌሊት ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? የጥሪ ደቂቃዎቹ ወደ ራሱ ኔትወርክ ብቻ ናቸው ወይስ ወደ ሌላውም? ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ይቆማል ወይስ ከዋናው ሒሳብ በመደበኛ ዋጋ መቁረጥ ይጀምራል? ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ብዙ ሰው «ካርዴ በላብኝ» የሚልበት ነው፤ ጥቅል ሳይኖር ዳታን ዘግቶ ማቆየት ይህን ያስቀራል። በቴሌግራም ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት፣ መተግበሪያዎችም በራሳቸው እንዳይታደሱ ማድረግ ትንሹን ጥቅል ለቀናት ያቆየዋል። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ማየት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ሲፈጅ፣ በመተግበሪያ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከአንድ ሜጋባይት የማይበልጥ ስለሆነ ሩቅ ሀገር ያለ ዘመድን ለማነጋገር ይመረጣል።

አጭር መልእክትም የራሱ ሒሳብ አለው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት እስከ 160 ሆሄያት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን ገደቡ 70 ነው። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ወይም ሦስት ይቆጠራል፤ የሚቆረጠው ሒሳብም እንዲሁ። ነጠላ ሰረዙና ባዶ ቦታው ሳይቀር ይቆጠራሉ። ሆኖም የግዕዝ አንድ ሆሄ በላቲን ሁለት ሆሄያት የሚጻፍ ድምፅ ስለሚይዝ ጉዳቱ እንደሚመስለው የከፋ አይደለም፤ ላኪው አሳጥሮ ከጻፈ በፊደሉ መጻፉን መተው የለበትም።

በደካማ ኔትወርክ ላይ ገንዘብና መታወቂያ

አጭር መልእክት ተቀባዩ ሲግናል ባይኖረው እንኳ ተጠብቆ ቆይቶ ሲግናል ሲመለስ ይደርሳል። የይለፍ ቁጥር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጃል። ስለዚህ ከፋይዳ፣ ከባንክ ወይም ከቴሌብር የሚመጣ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲኖር ሲግናሉ የተረጋጋ ቦታ ደርሶ መጀመር ያዋጣል። ቴሌብርን ኢንተርኔት ሳይኖር በ*127# መጠቀም ይቻላል። በክፍያ መካከል መስመሩ ቢቋረጥ ወዲያውኑ መድገም አይመከርም፤ አስቀድሞ የማረጋገጫ መልእክቱን መጠበቅ ወይም ቀሪ ሒሳብን ማየት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

በገጠር የራሱ ስልክ የሌለው ሰው ለመታወቂያ ምዝገባ የልጁን ወይም የጎረቤቱን ቁጥር ሲሰጥ ይታያል። ይህ ችግሩን ለዕለቱ ይፈታል፤ በኋላ ግን የማንነት ማረጋገጫው ቁጥር የሚደርሰው ምናልባት አዲስ አበባ ለሥራ በሄደው ልጅ ስልክ ላይ ይሆናል። የተሻለ ኔትወርክ አግኝቶ ወደ ሌላ አቅራቢ የሚዞር ሰውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አሮጌውን ሲም ከመጣሉ በፊት በባንክ፣ በፋይዳና በሞባይል ገንዘብ የተመዘገበውን ቁጥር መቀየር አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ሊዘጋና በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና። አዲሱን ሲም ለዳታ፣ ነባሩን ለጥሪና ለይለፍ ቁጥር አድርጎ በባለ ሁለት ሲም ስልክ መያዝ በእነዚህ ወረዳዎች በብዙ ሁኔታ የሚያዋጣ አማራጭ ነው። ሲም ሲወጣም በራስ ስምና በራስ መታወቂያ ማስመዝገብ ይገባል፤ በሌላ ሰው ስም ያለ ሲም ቢጠፋ ቁጥሩን መልሶ ለማስወጣት ባለስሙን ፍለጋ መሄድ ግድ ይሆናል።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

የመጀመሪያው በር አቅራቢው ራሱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ700 ይገኛሉ። «ኔትወርክ የለም» የሚል አቤቱታ ለባለሙያ ብዙ አይነግረውም። ወረዳውን፣ ቀበሌውንና ጎጡን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ችግሩ በጥሪ ላይ ነው ወይስ በዳታ ብቻ፣ ከቤት ውጭም ይታያል ወይ፣ የጎረቤት ስልክስ ይሠራል ወይ፣ ከተቻለም የዲቢኤሙን ቁጥር ጨምሮ ማስረዳት ጥገናውን ያቀርባል። ተገልጋዩ የአቤቱታ መለያ ቁጥር ጠይቆ ከቀኑ ጋር መመዝገብ አለበት፤ ያለ እርሱ ሁለተኛው ጥሪ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አቅራቢው ተገቢ ምላሽ ካልሰጠ ጉዳዩ ይህንኑ መለያ ቁጥር በመያዝ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የአገልግሎት ጥራትን የመከታተልና የተጠቃሚዎችን ጥቅም የማስጠበቅ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በአንድ ስልክ ላይ የሚታይ ችግር በግል ቢቀርብ ይበቃል፤ አንድ ቀበሌ በሙሉ ሲግናል የማያገኝ ከሆነ ግን ጥያቄው በወረዳው በኩል በጋራ ቢቀርብ ይጠነክራል። በጋራ ጥያቄው ላይ የአባወራው ቁጥር፣ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ መኖር፣ ወደ ማማ መትከያ የሚሆነው ጉብታ ስምና እዚያ ድረስ መንገድና መብራት መኖር አለመኖሩ ቢሠፍር ይመረጣል፤ አቅራቢዎች የማማ ቦታ ሲመርጡ ከሚመዝኗቸው ነገሮች መካከል እነዚህ ይገኛሉና። በጥብቅ ስፍራው ወሰን ውስጥ የሚገኝ ጉብታ ከሆነ ደግሞ ጓሳን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰብ ስምምነት አስቀድሞ መገኘትና ከማመልከቻው ጋር መያያዝ ይኖርበታል።